ካሜራ የሚያየውና የማያየው

በዚህ ዐምድ ከሳምንት ወደ ሳምንት ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጤና አጠባበቅ ስንጽፍላችሁ ቈይተናል። ዛሬ ደግሞ በየቤቱ ገብቶ እንደ አንድ ቤተ ሰብ ከእኛ ጋራ ስለሚኖረው ስለ ቴሌቪዥን፥ ይልቁንም የቴሌቪዥን ዐይን ስለ ሆነው ስለ ካሜራ አመጣጥ ጥቂት ለመናገር አሰብን። ለዚህም ያነሣሣን በዚሁ በሐዋሳ ከተማ በምሥራቅ፥ እኛ በምንኖርበት ሰፈር የተደረገ አንድ ነገር ነው።

በሰፈራችን አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ጭምት፥ ለሥራው የሚተጋ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፥ ይህ ሰው ከሱቁ ወጥቶ አንድ የ5 ዓመት ሕፃን ክንዱን ይዞ በኀይል ሲጐትተውና በመንገዱ ዳር በጭቃ ላይ ሲጥለው ታየ። ከመንገዱ ማዶ የነበረ አንድ ጐልማሳ ነገሩን በእጅ ስልኩ ካሜራ አነሣው። ሥዕሉ የደቂቃ እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ ሳይመሽ ሰፈሩ ሁሉ አየው፤ ሰፈሩም ሁሉ ፈረደ። ሰውዬው ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አላገኘም፤ «በዐይናችን ያየነውን!» ይሉት ነበርና። ጨርቅ የሰጡት ሁሉ ጨርቃቸውን መልሰው ወሰዱ፤ ሰላምታም ተነፈገ። እኛም፥ ለማፈሪያችን እንጽፈዋለን፥ በሱቁ ደጃፍ ፊታችንን አዙረን አልፈናል።

በ9ኛው ቀን የሕፃኑ አያት ከይርጋ ዓለም መጡ። ሕፃኑ ለእንግድነት መጥቶ ኖሮ በማግሥቱ ወደዚያው ተመልሶ ነበር። ሴትዮዋም አንድ ቅል ቅቤ ይዘው በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄዱ፤ ጕልበቱንም ለመሳም ጐንበስ አሉ። በዚያች ቀን አንድ ባጃጅ በሕፃኑ ላይ ሊወጣ ሲል ከፊቱ ነጥቆ ያወጣው እርሱ ነበረ። ባጃጁ ግን ከሥዕሉ ውጭ ነበረ። እኛም ይቅርታ ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ፥ ልብስ ሰፊው መርፌውን ሳያስቀምጥ እንዲህ አለን፤ «እናንተስ ያያችሁትን አያችሁ። ያላያችሁትን ግን ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

በዚያ ምሽት ልጃችን «አባዬ፥ ካሜራ ይዋሻል እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። በአንድ ቃል ለመመለስ አልተቻለንም። ስለዚህ የካሜራውን ነገር ከሥሩ ለማስረዳት ይህን እንጽፋለን። የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮጳ አቈጣጠር፥ የአገራችንን ግን በራሳችን ዓመተ ምሕረት ማመልከታችንን አንባቢዎቻችን ልብ ይበሉ።

አስቀድሞ ስሙን እንመልከት። «ቴሌ» በግሪክ ቋንቋ ሩቅ ማለት ነው፤ «ቪዥን» ደግሞ ከላቲን የመጣ ሆኖ ማየት ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ ከሁለት ቋንቋ የተጋባ ነው። ይህንም ስም በ1900 በፓሪስ ታላቅ ኤግዚቢሽን በተደረገ ጊዜ፥ በአንድ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ላይ ኮንስታንቲን ፐርስኪ የሚባል የሩስያ ሰው ተናገረው።

ሩቅ አገር ያለውን ነገር እቤት ተቀምጦ ለማየት የፈለጉት ሊቃውንት ትልቅ እንቅፋት ገጥሟቸው ነበር። ሥዕል ለዐይናችን የሚታየው ሁሉም በአንድነት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን እንደ ጠባብ በር ስለ ሆነ በአንድ ጊዜ አንድ ምልክት ብቻ ያሳልፋል። እንግዲህ ሰፊው ሥዕል በጠባቡ በር እንደ ምን ይለፍ?

መልሱን በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በልጅነታችን ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን ፊደል ስንቈጥር፥ የፊደሉን ገበታ በሙሉ በአንድ ጊዜ አላነበብንም። ስንደዶ ይዘን ከሀ ጀምረን ሁ ሂ እያልን እስከ ሆ እንሄዳለን፤ መስመሩ ሲያልቅ ወደ ታችኛው ወርደን ለ ሉ እንላለን። የቴሌቪዥን ካሜራም እንዲሁ ያደርጋል። ሥዕሉን በመስመር በመስመር ከፍሎ፥ ከዳር ጀምሮ ነጥቡን ሁሉ በየተራው ያነባል፤ ብሩህ የሆነውን በብርቱ ኤሌክትሪክ፥ ጨለማ የሆነውን በደካማ ኤሌክትሪክ እየተረጐመ ይልካል። በወዲያኛው ዳር ያለው መሣሪያ ደግሞ የተላከለትን ቃል በቃል እየተቀበለ፥ በዚያው መስመርና በዚያው ተራ መልሶ ይጽፈዋል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ፥ ዐይናችንም ያየውን ለጥቂት ጊዜ ይዞ ስለሚያቈይ፥ የተነበበው መስመር ሁሉ አንድ ሥዕል ሆኖ ይታየናል። በፍርድ ቤት ጸሓፊው የምስክሩን ቃል አንድ በአንድ እየተከተለ እንደሚጽፍ ያለ ሥራ ነው።

ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ መንገዱ የተከፈተው በ1873 ነው። ዊሎቢ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ውስጥ የቴሌግራፍ ሽቦ በሚመረመርበት ሥራ ላይ ሳለ፥ ሴሌኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክን በቀላሉ የሚያሳልፍ፥ በጨለማ ግን የሚከለክል መሆኑን ገለጠ። ስለዚህ የሰው እጅ ያበጀው ዐይን ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃንን ከጨለማ ለየ።

ከዚህ በኋላ በበርሊን ይማር የነበረ ፓውል ኒፕኮቭ የሚባል የ23 ዓመት ጐልማሳ ሥዕሉን በመስመር ለማንበብ ዘዴ አሰበ፤ አሳቡንም በ1884 በመንግሥት መዝገብ አስመዘገበ። ዘዴው እጅግ ቀላል ነው። እመቤቶች እንጀራ ሲጋግሩ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምረው እያዞሩ ወደ መካከል ያስገቡታል። ኒፕኮቭም በአንድ ክብ ገበታ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎችን በዚህ ዐይነት፥ ግን አንድ ዙር ብቻ አድርጎ፥ እያንዳንዱ ከፊተኛው ጥቂት ወደ መካከል ገባ እንዲል አድርጎ አሰለፋቸው። ገበታው ሲሽከረከር የመጀመሪያው ቀዳዳ በሥዕሉ ላይ አንዱን መስመር ይጠርጋል፤ ሁለተኛው ቀጥሎ ያለውን፥ ሦስተኛውም የዚያን ተከታይ ይጠርጋል። ገበታው አንድ ጊዜ ዞሮ ሲጨርስ ሥዕሉ በሙሉ ተነበበ ማለት ነው። ኒፕኮቭ ግን መሣሪያውን ራሱ አልሠራውም። በዚያ ዘመን ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያጐላ ጥበብ ገና አልተገኘም ነበርና መብቱ ጊዜው አልፎ ወደቀ።

40 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ አሳቡን ያነሣው ጆን ሎጊ ቤርድ ነው። ሚስተር ቤርድ በስኮትላንድ አገር የአንድ ቄስ ልጅ ሆኖ የተወለደ፥ ጤና የጐደለውና ገንዘብ ያጠረው ሰው ነበር። የመጀመሪያውን መሣሪያ የሠራው ከሻይ ሣጥን፥ ከባርኔጣ ማስቀመጫ ካርቶን፥ ከብስክሌት መብራት መስተዋት፥ ከመርፌና ከማሸጊያ ሰም ነው። ከዚህም በኋላ ወደ ሎንዶን ሄዶ ፍሪዝ በሚባለው መንገድ ከአንድ ቤት ሰገነት ላይ ክፍል ተከራየ። መብራቱ እጅግ የሚያቃጥል ስለ ሆነ በመጀመሪያ የሚያነሣው የአሻንጕሊት ራስ ነበር። በኦክቶበር 2 ቀን 1925 የአሻንጕሊቱ ፊት በወዲያኛው መሣሪያ ላይ አፍንጫውና ዐይኑ ተለይቶ ታየ። ሚስተር ቤርድም ደስታው አላስቀምጠው ብሎ ወደ ታችኛው ፎቅ ሮጠና ዊልያም ቴንተን የተባለ የ20 ዓመት የጽሕፈት ቤት ተላላኪ ይዞ ወጣ፤ ከመብራቱም ፊት አስቀመጠው። ወደ ማዶ ሄዶ ቢመለከት ግን ምንም አልታየውም። ተመልሶ ሲያይ ልጁ ከመብራቱ ሙቀት ፈርቶ ወደ ኋላ ሸሽቶ ኖሮአል። እንዲታገሥ ብሎ ግማሽ ክራውን ሰጠውና እንደገና አስጠግቶ አስቀመጠው፤ ያን ጊዜ ፊቱ ታየ። በጃንዋሪ 26 ቀን 1926 ደግሞ 40 ያህል ሊቃውንት በዚያች ጠባብ ክፍል ተሰብስበው የሰው ፊት ሲላክ በዐይናቸው አዩ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር መጨረሻ፥ ኬንጂሮ ታካያናጊ የሚባል ጃፓናዊ መምህር በሃማማትሱ ከተማ ሌላ ፈተና አደረገ። እርሱም በካሜራው በኩል የኒፕኮቭን ገበታ፥ በተቀባዩ በኩል ግን በኤሌክትሮን ጨረር የሚሠራውን የመስተዋት ብልቃጥ አቆመ። የላከው ሥዕል አንዲት ፊደል ነበረች፤ እርሷም በጃፓኖች ጥንታዊ የፊደል ተራ የመጀመሪያይቱ፥ ለእኛ እንደ ሀ የምትቈጠረው «ኢ» ናት። ካሜራ በጃፓን ትምህርቱን እንደ ማንኛውም ተማሪ ከፊደል ጀመረ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ነገር ግን በሚሽከረከር ገበታ የሚሠራ ካሜራ ሁለት ብርቱ ጕድለት ነበረበት። የሚስተር ቤርድ ሥዕል 30 መስመር ብቻ ስለ ነበረው ፊቱ የሰው መሆኑ ይታወቅ እንጂ ጥርት ብሎ አይታይም ነበር። ደግሞም በአንድ ጊዜ ብርሃን የሚያሳልፈው አንዱ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከሥዕሉ ብርሃን ሁሉ ወደ መሣሪያው የሚደርሰው ከብዙ መቶ አንዱ እጅ ነበር፤ የቀረው ይባክናል። መስመሩ እንዲበዛ ቀዳዳውን ቢያሳንሱት ብርሃኑ ይጠፋል፤ ብርሃኑ እንዲበዛ ቢያሰፉት ሥዕሉ ይደበዝዛል።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት መላውን አስቀድሞ ያመለከተው አላን ካምቤል ስዊንተን የሚባል የስኮትላንድ ተወላጅ መሐንዲስ ነው። ይኸውም በ1908 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ በጻፈው ደብዳቤ፥ በላኪውም በተቀባዩም በኩል የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ቀርቶ ኤሌክትሮን የሚባሉት ደቂቃን የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች ሥዕሉን እንዲያነቡ ይደረግ አለ። ኤሌክትሮን ክብደት የሌለው ያህል ነውና በማግኔት ኀይል ወደ ወደዱት በኩል በቅጽበት ይመራል።

አሳቡን በሥራ ከገለጡት ሰዎች አንዱ የገበሬ ልጅ ነው። ፋይሎ ፋርንዝወርዝ በአሜሪካ በአይዳሆ አገር የ14 ዓመት ልጅ ሳለ በአባቱ እርሻ ላይ በፈረስ ሲያርስ፥ ከኋላው የቀረውን ትልም አየ። ትልሙ መስመር በመስመር ተስተካክሎ ማሳውን ሁሉ ሞልቶታል። ያን ጊዜ «ሥዕልንም እንዲህ በኤሌክትሮን ማረስ ይቻላል» የሚል አሳብ መጣለት። ከዚህም በኋላ ጀስቲን ቶልማን ለሚባለው መምህሩ አሳቡን በሰሌዳ ላይ ሥሎ አስረዳው። በሴፕቴምበር 7 ቀን 1927፥ ገና የ21 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፥ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምንም የሚሽከረከር ነገር በሌለበት ካሜራ አንዲት ቀጥተኛ መስመር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ላከ። ጥቂት ቈይቶም የሚስቱን የወይዘሮ ፔምን ፊት አነሣ፤ የመብራቱ ንዳድ ብርቱ ስለ ነበረ ግን በሥዕሉ ላይ ዐይናቸውን ጨፍነው ይታያሉ። በመጀመሪያ ከታዩት ሰዎች አንዷ እመቤት ብርሃን በዝቶባት ማየት የተሳናት መሆኗ ያስገርማል።

የወጣቱም ካሜራ የብርሃን ድኻ ነበር። የክረምትን ዝናም እናስብ። ከጣራው ሥር በየተራው እየተዘዋወረ ለቅጽበት ብቻ እጁን የሚዘረጋ ሰው የሚያገኘው አንዳንድ ጠብታ ነው። ከጣራው ሥር በተርታ ብዙ እንስራ የደረደረ ሰው ግን፥ እርሱ እስኪመጣ ድረስ እንስራው ሁሉ ያጠራቅምለታል። የፋርንዝወርዝ ካሜራ እንደ ፊተኛው ነበረ። እንደ ሁለተኛው ያደረገው ቭላዲሚር ዝቮሪኪን ነው። ይህ ሰው ከሩስያ ተሰዶ ወደ አሜሪካ የገባ መሐንዲስ ሲሆን፥ አር ሲ ኤ በተባለው ታላቅ ኩባንያ ይሠራ ነበር። በ1931 በተፈተነው መሣሪያ ውስጥ፥ አየር ከወጣለት ብልቃጥ መካከል ባለች ቀጭን ገበታ ላይ፥ ብርሃን የሚሰማቸው እጅግ ብዙ ደቂቃን የብር ቅንጣቶች ተነጥፈው ነበር። እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ አንድ እንስራ ሆኖ የደረሰበትን ብርሃን በኤሌክትሪክ መልክ ያጠራቅማል፤ የኤሌክትሮኑም ጨረር በመስመር እየዞረ የተጠራቀመውን ይለቅማል። ስሙንም ኢኮኖስኮፕ አለው፤ «ኢኮን» በግሪክ ሥዕል ማለት ነው። ብርሃንን የማጠራቀሙን አሳብ ካልማን ቲሃኒ የሚባል የሃንጋሪ ሰውም በ1926 አስመዝግቦት ነበር።

በኩባንያውና በፋርንዝወርዝ መካከል «በኤሌክትሮን የሚሠራውን ቴሌቪዥን አስቀድሞ የፈጠረ ማነው?» የሚል ክርክር ተነሣ። ነገሩ በአሜሪካ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት በታየ ጊዜ መምህር ቶልማን ተፈልገው ቀረቡ፤ ልጁ በሰሌዳ ላይ ያሳያቸውንም መሰከሩ። ፍርዱም ለፋርንዝወርዝ ሆነ፤ ያ ታላቅ ኩባንያ በ1939 ለመብቱ ገንዘብ ለመክፈል ተዋዋለ። መምህራን ሆይ፥ የተማሪን ነገር ልብ ብሎ ማድመጥ ከንቱ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ካሜራ ከቤተ ሙከራ ወደ ሕዝብ ወጣ። በኦገስት 1936 በበርሊን በተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ፥ ርዝመቱ ከ2 ሜትር የሚበልጥ አንድ ካሜራ ቆሞ ነበር፤ ስለ ግዝፈቱም የቴሌቪዥን መድፍ ብለው ጠሩት። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 2 ቀን፥ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 1929 ዓ.ም.፥ ቢ ቢ ሲ በሎንዶን ከአሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ። በዚያም ሁለት ዐይነት መሣሪያ እየተፈራረቀ ተፈተነ። አንዱ የቤርድ ኩባንያ መሣሪያ ሆኖ በ240 መስመር የሚሠራ ነው። የስቱዲዮው ትዕይንት በመጀመሪያ በፊልም ይነሣል፥ ፊልሙም አንድ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ በመድኀኒት ታጥቦ ከዚያ በኋላ ይነበባል። ካሜራው ከወለሉ ጋራ የተጠበቀ ስለ ነበረ ከስፍራው አይነቃነቅም። ሁለተኛው ኢ ኤም አይ የተባለው ኩባንያ ሊቃውንት በአይዛክ ሾንበርግ መሪነት የሠሩት ኤሚትሮን የሚባል የኤሌክትሮን ካሜራ ነው፤ እርሱም በ405 መስመር ይሠራ ነበር። ሁለቱ ሦስት ወር ያህል ከተወዳደሩ በኋላ በፌብሩዋሪ 1937 የቤርድ መሣሪያ ተተወ። በዚያው ዓመት በሜይ 12 ቀን ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ዘውድ ሲጭኑ፥ ኤሚትሮን ወደ አደባባይ ወጥቶ የሰልፉን ጕዞ ለሕዝብ አሳየ። መንገዱን የጠረገው ሰው ሌሎች ሲያልፉበት ዳር ቆሞ ማየቱ በዓለም የተለመደ ነው፤ የሚስተር ቤርድ ክብር ግን በዚህ አይቀነስም።

የብርሃን ረኀብ በደኅና የጠገበው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በአር ሲ ኤ ቤተ ሙከራ አልበርት ሮዝ፥ ፖል ዋይመርና ሃሮልድ ሎው የተባሉት ሊቃውንት ኢሜጅ ኦርቲኮን የተባለውን ብልቃጥ ሠሩ። በ1946 ለሽያጭ የወጣው ይህ መሣሪያ ከኢኮኖስኮፕ ይልቅ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ለብርሃን ንቁ ስለ ነበረ፥ በሻማ ብርሃን የሰውን ፊት ለማየት ቻለ። ወጣቱን ቴንተን ያሸሸው፥ የወይዘሮ ፔምንም ዐይን ያስጨፈነው የመብራት ንዳድ በዚህ ቀለለ። ከ1950 ወዲህ ደግሞ ቪዲኮን የሚባለው ትንሽ ብልቃጥ መጣ። በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በብልቃጥ ፈንታ ብርሃንን በደቃቅ የሲሊኮን ገበታ የሚያጠራቅም መሣሪያ አሰቡ፤ ስለዚህም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ዛሬ በኪሳችን ያለው የስልክ ካሜራ የዚህ የሲሊኮን ዐይን የቅርብ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ቢ ቢ ሲ በጥቅምት 23 ቀን 1929 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ቀኑ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል 6ኛ ዓመት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን አገራቸው በጠላት ተይዛ በዚያው በእንግሊዝ አገር በስደት ላይ ነበሩ። ልክ 28 ዓመት ቈይቶ፥ በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፥ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። የእንግሊዝ ቶምሰን ኩባንያ በሙያ ረዳ፤ ስቱዲዮውም በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሆነ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ በመጀመሪያም የሚታየው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ የራስዋ የሆነ ሩቅ የሚያይ ዐይን ነበራት ማለት ነው። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ግን በወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ፥ መንግሥት ነገሩ እንዲሰወር ፈለገ። ለዓለም ያሳየው ከውጭ የመጣ ሰው ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ባልደረቦቹን ይዞ ረኀቡን በፊልም አነሣ፤ በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ። ይህ ፊልም በአገራችን ቴሌቪዥን የታየው በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ነው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ነገር ግን በዚያች ምሽት የታየው ፊልም እንደ ፊተኛው አልነበረም። ከተራቡት ሰዎች ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ሥዕል እያፈራረቁ አስገብተውበት ነበር። ረኀቡ እውነት ነበረ፤ ግብዣውም እውነት ነበረ። እያንዳንዱ ሥዕል ያየውን መሰከረ፤ ምስክሮቹን ግን በዚያ ተራ አሰልፎ ያቀረባቸው ሰው ነው።

እንደዚህ ያለ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሆነ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓልና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማሳየት ጀመረ፤ በዓሉም በልዩ ልዩ ቀለም አሸብርቆ ታየ። በሚከተለው ወር፥ በጥቅምት 13 ቀን፥ መሐመድ አሚን የተባለው ኬንያዊ የካሜራ ሰው በኮረም ያነሣው፥ ማይክል በርክም የተረከው የረኀብ ሥዕል በቢ ቢ ሲ ታየ፤ ከዚያም ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። ብዙ እርዳታም መጣ። ካሜራው በዚያን ጊዜ አንድ ሰው በትከሻው ይዞት ወደ ፈለገው የሚሄድ ሆኖ ነበር። ከ50 ዓመት በፊት የካሜራ ችግር የብርሃን ማነስ ነበረ፤ በኮረም ግን ብርሃን አልጐደለም፥ ቀለምም አልጐደለም። ጐድሎ የነበረው ወደዚያ ዘወር የሚያደርገው እጅ ነው።

ስለዚህ የልጃችንን ጥያቄ እንዲህ ብለን መለስንላት፤ «ልጄ፥ ካሜራ በፊቱ ያገኘውን መስመር በመስመር ያነባል፤ ከራሱ አንዲት ፊደል አይጨምርም። ነገር ግን ከየትኛው ገጽ ጀምሮ እንዲያነብ፥ በየትኛውም ላይ እንዲያቆም የሚያዝዘው ሰው ነው። ሰፈራችን ከአንድ መጽሐፍ አንድ ገጽ ብቻ ቀድዶ አነበበና በልብስ ሰፊው ላይ ፈረደ።» እርስዋም ጥቂት አሰብ አድርጋ «እንግዲያስ ገጹን ማን ቀደደው ብሎ መጠየቅ ነበረብን» አለችን።

እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለ ቈየን፥ የምስክር ቃል በመዝገብ ሲሰፍር ምን ምን እንደሚያስፈልገው እናውቃለን። የምስክሩ ስም፥ ቀኑና ቦታው ይጻፋል። ምስክሩ የመለሰው ብቻ ሳይሆን የተጠየቀውም ይጻፋል፤ ጥያቄው ያልታወቀ መልስ ሊያሳስት ይችላልና። ደግሞም አንዱ ወገን ብቻ ተሰምቶ ፍርድ አይሰጥም። ይህን ሥርዐት እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ለስልኩና ለቴሌቪዥኑ ቢያደርገው ብዙ በደል ይቀር ነበር።

ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን በምሽት አስቀምጠው፥ በስልክም ሆነ በቴሌቪዥን ልብን የሚያስቈጣ ሥዕል ሲመጣ አራት ጥያቄ እንዲጠይቁ ቢያስተምሯቸው እንመክራለን። ይህን ያነሣው ማነው? መቼና የት ተነሣ? ከዚህ በፊት ምን ሆኖ ነበር፥ ከዚህ በኋላስ ምን ሆነ? ከሥዕሉ ዳር ወዲያ ምን አለ? መልሱን እስኪያገኙም ድረስ ሥዕሉን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፉ። አራተኛውን ጥያቄ እኛ ብንጠይቀው ኖሮ ባጃጁን እናገኘው ነበር።

ልብስ ሰፊው አሁን ሥራው ተመልሶለታል፤ ለበዓለ ጥምቀት ለልጃችን ቀሚስ የሰፋላት እርሱ ነው። ስንከፍለው የሠራበትን ብቻ ቈጥሮ የተረፈውን መለሰልን። እነዚያን 9 ቀናት ግን የሚመልስለት የለም። ሩቁን የምናይበት ጥበብ የሰጠን አምላክ፥ ቅርባችን ያለውን ጎረቤት ሳንጠይቅ እንዳንፈርድበት ልቡና ይስጠን።